ቁጥር የተቀረጸበት ብዕር በመሀል አዲስ አበባ፦ የስድስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

እሑድ ማታ

መንገዱ አጭር ነው። ከፒያሳ ይነሳል፣ በአራት ኪሎ አድርጎ ስድስት ኪሎ ይወጣል፣ ተመልሶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርዶ ለገሃር ላይ ያበቃል። እግረኛ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ስድስት ቀን የተያዘለት አብሮ ለሚሄደው ዕቃ ሲባል ነው። ዕቃው በውስን ቁጥር ከተሠሩ የቀለም ብዕሮች አንዱ ነው፤ አካሉ ከሺህ 925ቱ እጅ ንጹሕ የሆነ ብር፣ ኒቡ (የሚጽፈው ጫፉ) ባለ 18 ካራት ወርቅ፣ ቀለሙን በፒስተን የሚስብ፣ የክዳኑ ቀለበት ላይ ተራ ቁጥሩ የተቀረጸበት። የዚህ ዓይነት ብዕሮች ብዙዎቹ ከሳጥን ሳይወጡ ያረጃሉ። ይሄኛው በየቀኑ ይጻፍበታል፤ በአማርኛ፣ በተገኘው ወረቀት ላይ፣ ተቀምጦም ቆሞም። ቁጥሩ ያማልላል፣ ብሩም ያማልላል፤ ትልቁ ውበቱ ግን ፊደል ላይ ነው የሚወጣው።

መነሻው እጥበት ነው። አዲስ ብዕር ውስጥ ከፋብሪካ የቀረ ዘይት ይኖራል፤ ዘይቱ ቀለሙን እየገፋ ጽሑፉን በየመሀሉ ይቆርጠዋል። ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና መጨመር፣ ከዚያ ፒስተኑን እያዞሩ አምስት ስድስት ጊዜ መሳብና መልቀቅ። ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ አረፋው እስኪጠፋ መድገም። የፈላ ውሃ አይሆንም፤ ከኒቡ ሥር ያለውን ባለ ጥርስ ጥቁር ምላስ፣ ፊዱን፣ ሊያጣምመው ይችላል። አልኮልም አይቀርበው፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሟሟል።

አሞላሉ ላይ የሚሳሳት ብዙ ሰው ነው። ኒቡ በሙሉ፣ እስከ መያዣው ጠርዝ ድረስ፣ ቀለሙ ውስጥ መግባት አለበት። ጫፉ ብቻ ከገባ ፒስተኑ የሚስበው አየር ነው። ከሳበ በኋላም ወዲያው አይወጣም፤ እስከ አሥር ይቆጠራል። ከዚያ ሦስት ጠብታ ወደ ጠርሙሱ ይመለስና ኒቡ ወደ ላይ ዞሮ ፒስተኑ እስከ መጨረሻው ይዘጋል። ጠብታዎቹ የሚመለሱት በፊዱ ጥርሶች መሀል የታመቀው ትርፍ ቀለም ወደ ውስጥ እንዲሳብ ነው፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ቃል ላይ ይዘረገፋል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ሙሌት ሌላም ትርጉም አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጅቡቲ ላይ ግማሽ ድረስ የተሞላ ብዕር ውስጥ 0.6 ሚሊ ሊትር አየር ቢኖር፣ ያ አየር እዚህ ሲደርስ ወደ 0.8 ያብጣል። ልዩነቱ 0.2 ሚሊ ሊትር፣ አራት ጠብታ ያህል ቀለም ነው፤ መውጫውም በኒቡ በኩል ብቻ ነው። በባቡር ቢመጣም በአውሮፕላን ቢመጣም ያው ነው። ስለዚህ ከቆላ ወደ ደጋ የሚጓዝ ብዕር ወይ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ወይ ባዶውን ይሄዳል፤ በመንገድ ላይም ኒቡ ሽቅብ መያዝ አለበት። የሸሚዝ ደረት ኪስ ለዚህ የሚመች ቦታ ነው።

ሰኞ፣ ፒያሳ

ጠዋት ምኒልክ አደባባይ። ፈረሰኛው ሐውልት እንደቆመ ነው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም ከጎኑ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከፒያሳ የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ግዙፍ ሕንፃም የአካባቢውን መልክ ቀይሮታል። ፒያሳ ሲባል ግን ዛሬም በብዙ አዲስ አበቤ አእምሮ የሚመጣው ወርቅ ቤት ነው፤ ስለ ብርና ስለ ወርቅ ለማውራት ከዚህ የተሻለ ሰፈር የለም።

ብሩን እናስቀድም። ጠገራ ብር፣ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የታተመበት የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ክብደቱ 28.07 ግራም ነው፤ ከሺህ 833ቱ እጅ ንጹሕ ብር ነው። ብዙ የአገራችን የአንገት መስቀል ጠገራ እየቀለጠ የተሠራ ነው። ገንዘብ ተገበያይቶበት፣ እጅ ለእጅ ዞሮ፣ በመጨረሻ አንጥረኛው እጅ ገብቶ አንገት ላይ የሚውል ብር ከአዲስ ብር የተለየ ክብር አለው። የብዕር ሰብሳቢዎች የሚወዱት አንድ ታሪክ በትክክል ይህን ይመስላል። በ1715 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ጠረፍ ላይ ማዕበል ካሰጠማቸው የስፔን መርከቦች ብር ወጣ፤ የብዕር ኩባንያው ፓርከር በ1965 እ.ኤ.አ. ከዚያ ብር ‹ፓርከር 75› የተባለውን ብዕሩን 4,821 ፍሬ ሠራ። በውስን ቁጥር ከተሠሩ ብዕሮች ቀዳሚ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እሱ ነው። የሳበው ብሩ ብቻ አይመስለንም። የሰመጠው ብር ልክ አለው፣ ሲያልቅ ያልቃል፤ እዚያ ላይ ቁጥሩን የወሰነው ዕቃው ራሱ ነው።

ቁጥር ሁሉ እንዲህ አይደለም። ሞንብላን በ1992 እ.ኤ.አ. ለድሮው የፍሎረንስ ገዢ ለሎሬንዞ ዴ ሜዲቺ መታሰቢያ ያወጣው ብዕር 4,810 ፍሬ ነበር፤ ቁጥሩ ኩባንያው ስሙን የወሰደበት ተራራ በሜትር የሚለካበት ከፍታ ነው፣ ኒቦቹም ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በዚያው ዓመት በደራሲው በሄሚንግዌይ ስም የወጣው ደግሞ 20,000 ፍሬ ነው። ሁለቱም ውስን ይባላሉ፤ አንዱ ግን ከሌላው አራት እጥፍ ይበዛል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ ፍሬው ሳይነገር በአንድ ዓመት ብቻ የሚመረት። ስለዚህ ‹ውስን ነው› ለሚል ሻጭ ጥያቄው ‹በስንት?› ነው። መልሱ በብዕሩ አካል ላይና አብሮት ባለው ወረቀት ላይ አንድ ሆኖ መገኘት አለበት። ቁጥሩ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጠርዙ ስለታም፣ በአኃዞቹ መሀል ያለው ርቀት እኩል መሆን ይገባዋል። ታጥቦ የደበዘዘ ወይም የተንሻፈፈ ቁጥር ያስጠረጥራል።

ወርቁን በተመለከተ ልብ ይባል። ባለ 14 ካራት ኒብ ላይ 585፣ ባለ 18 ላይ 750 የሚል ምልክት ይኖራል። ማግኔት የሚስበው ኒብ ብረት ነው፤ ማግኔት ያልሳበው ሁሉ ግን ወርቅ አይደለም፣ የማይሳብ ስቲልም አለ። የወርቅ ቤት መፈተኛ ድንጋይና አሲድ ኒብ ላይ በፍጹም አይሞከርም። ድንጋዩ ይቧጭረዋል፣ የተቧጨረ ኒብም ኒብ መሆኑ ይቀራል። በዚያ ላይ የብዙ ኒብ ክብደት ከአንድ ግራም አያልፍም። በወርቅ ሚዛን ብዕር የሚገዛ ሰው ያልሆነውን ነገር እየገዛ ነው። ዋጋው ያለው በሥራው ላይ ነው፦ ሳስቶ መጠቅለሉ፣ መሀሉ መሰንጠቁ፣ ጫፉ ላይ እንደ ኢሪዲየም ካሉ ጠንካራ ማዕድናት የሆነ እንክብል መበየዱ። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ወረቀት ላይ ራሱን ቢያሽ ቶሎ ያልቅ ነበር፤ ዘመኑን ሁሉ ወረቀቱን የሚነካው ያ እንክብል ነው።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ብር አካል ላላቸው። በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ሠሪው ቅርጹ እንዲጎላ ሆን ብሎ ያጠቆረው ነው። አንጥረኛ ዘንድ ‹አጽዳልኝ› ተብሎ የተሰጠ ብዕር ሁሉ ነገሩ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ አብረቅርቆ፣ ቅርጹ ሞቶ ይመለሳል። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። የጎማ ላስቲክ ግን አይጠቅለልበት፣ በጎማው ውስጥ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራል።

ማክሰኞ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ

በራስ መኮንን ድልድይ አድርጎ ወደ አራት ኪሎ መውጣት። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እዚህ ነው፤ በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሞ ፊደልን በብዛት ያተመ ቤት። ከእርሳስ ማዕድን የተቀረጸው የማተሚያ ፊደል ከመምጣቱ በፊት የነበረው እጅ ደግሞ ሽቅብ፣ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ነው የሚታየው። ብዕሩ እዚያ ክዳኑ እንደተዘጋ ኪስ ውስጥ ይቆያል። ብራና ባለበት ክፍል የቀለም ብዕር አይከፈትም፤ ማስታወሻ በእርሳስ ነው።

የቁም ጸሐፊውን እጅ ቀረብ ብሎ ማየት ለብዕር ወዳጅ ትልቅ ትምህርት ነው። በወስፌ የተሰመረ መስመር፣ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም፣ ከሁሉም በላይ የመስመሩ ውፍረት። ቁሙ ወፍራም ነው፣ አግድሙ ቀጭን ነው። ‹በ›ን ብንወስድ ሁለቱ እግሮች ወፍረው ይቆማሉ፣ ራሷ ላይ ያለው ድልድይ ሳስቶ ይተላለፋል። ይህን የሚያደርገው የመቃ ብዕሩ አፍ ጠፍጣፋ ሆኖ መቆረጡ ነው። ጠፍጣፋው አፍ ከመስመሩ ጋር ትይዩ ሲሆን ወደ ታች ሲሳብ በወርዱ ይጽፋል፣ ወደ ጎን ሲሄድ በጠርዙ።

የዛሬዎቹ ብዕሮች አብዛኞቹ ጫፋቸው ክብ ስለሆነ በየትም ቢሄዱ መስመራቸው እኩል ነው። የቁም ጽሕፈት መልክ የሚፈልግ ሰው ስተብ የሚባለውን ጠፍጣፋ ጫፍ ይይዛል፤ 1.1 ሚሊ ሜትር የተለመደው ነው። የላቲን ፊደል ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ጫፍ ወደ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ይይዙታል፤ ይህን ከነሱ ተምሮ ፊደላችን ላይ የሚሠራ ሰው ቁሙም አግድሙም እኩል ይወፍርበትና ኒቡን ይወቅሳል። ለፊደል ጠርዙ ከመስመሩ ጋር ትይዩ፣ ዜሮ ሊባል የሚችል ዝንባሌ ላይ ነው መቆም ያለበት። እጅ ሳያውቀው ብዕሩን ያሽከረክራል፤ ክሊፑን እንደ ኮምፓስ መርፌ ማየትና አንድ ቦታ ላይ ማቆየት ይረዳል።

ለዕለት ጽሑፍ ግን ስተብ አይሆንም፤ የጫፍ መጠን ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። የደብተር መስመር ላይ የአማርኛ ፊደል ቁመቱ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የ‹ሌ› እግር ላይ ያለው ቀለበት በዚህ ቁመት ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የአውሮፓ ‹ኤም› (መካከለኛ) ጫፍ መስመር 0.7 ገደማ ነው፤ የቀለበቱ ግራና ቀኝ ሲሰመር 1.4 ይሆናል፣ መሀሉ ላይ የሚቀረው 0.1 ነው። ቀለሙ ትንሽ ሲሰራጭ ያም ይደፈናል። የተደፈነ ‹ሌ› ደግሞ ‹ሊ› ነው የሚነበበው። ‹ቤ› ‹ቢ›፣ ‹ቴ› ‹ቲ› ይሆናሉ። ‹ቤት› ለማለት ‹ቢት› የሚል ደብዳቤ የሚወጣው እንዲህ ነው። 0.4 የሚሰምረው የጃፓን ‹ኤፍ› (ቀጭን) ጫፍ ግን ቀለበቱን 0.7 ያህል ክፍት ይተወዋል። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ውድ ብዕር ሲያዝዝ ‹ኤፍ›ን ይምረጥ፣ እጁ ደቃቅ ከሆነ ከዚያም የቀጠነውን ‹ኢኤፍ›ን። ‹ቢ› የሚባለው ሰፊ ጫፍ ለፊርማ ብቻ ነው የሚሆነው። ብዙ ውስን ብዕሮች በ‹ኤም› ጫፍ ነው የሚቀርቡት፤ ሻጩ ኒቡን ይቀይር እንደሆነ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህም ይጠብቃል፦ ነጥብ። አማርኛ ነጥብ የሚወድ ጽሕፈት ነው፤ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የድሮው ሁለት ነጥብ። መስመር ሲሰመር ጫፉ እየተጎተተ ቀለሙን ስለሚያስነሳ ጉድለት ይሸፈናል። ነጥብ ግን መንካትና መነሳት ብቻ ነው። ስድስት ኪሎ ካፌ ጠረጴዛ ላይ ብዕሩ ሃያ ጊዜ ‹።› ተጻፈበት፦ ሰማንያ ነጥብ። ሰባ ስምንቱ በመጀመሪያው ንክኪ ወጡ፤ ሁለቱ ዘለሉ። ይህ ጥሩ ኒብ ነው። ከሃያዎቹ በአምስቱ ወይም በስድስቱ ላይ ነጥብ የሚጎድል ከሆነ ከሦስት ነገር አንዱ ነው። ቀለም ደርቆበት ይሆናል፤ ያ በመታጠብ ይፈታል። ስንጥቁ ጠብቆ ይሆናል፤ በአጉሊ መነጽር ወደ ብርሃን ሲታይ ስንጥቁ ከላይ ካለው ቀዳዳ ተነስቶ እየጠበበ መጥቶ ጫፉ ላይ እንደ ፀጉር መሆን አለበት፣ ብርሃን ጭራሽ ካላሳየ ጠብቋል። ወይም ደግሞ ሲወለወል የስንጥቁ ውስጠኛ ጠርዝ ከልክ በላይ ክብ ሆኗል፤ ቀለሙ ጫፉ ድረስ ደርሶ ወረቀቱን ሳይነካ ከላይ ይንጠለጠላል። ይህ ሦስተኛው የሚስተካከለው እጅግ ደቃቅ በሆነ የማለስለሻ ወረቀት ነው። ቁጥር ያለው ብዕር ላይ ግን ባለቤቱ አይሞክረው። የጫፉ እንክብል ከሄደ አይመለስም፤ ኒብ የሚያርም ባለሙያ ጋ ይላካል።

ረቡዕ፣ ቸርችል ጎዳና

ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል። የዋናው ፖስታ ቤት ግቢ የቴምብር ሙዚየም አለው፤ የአገራችን ፖስታ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቆጠር ነው። ዛሬ የቀለምና የወረቀት ቀን ነው፣ ለዚያ ደግሞ ፖስታ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ አድራሻ ዝናብ ያገኘዋል።

አብዛኛው የብዕር ቀለም ውሃ የሚያሟሟው ማቅለሚያ ነው፤ አንድ የዝናብ ጠብታ የተቀባዩን ስም ወስዶ ይሄዳል። ብረት ያለበት ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ግን ወረቀቱ ላይ ከአየር ጋር ሲገናኝ እየጠቆረ ይያዛል፣ ውሃም አያጠፋውም። ለሰነድ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ቀለሙ ትንሽ አሲድ ስላለው ብዕሩ በየሦስት በየአራት ሳምንቱ ይታጠባል። የወርቅ ኒብ ድሮ የተወደደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ወርቅን አሲዱ አይበላውም። ተራ ቀለም ብቻ ላለው ሰው አንድ የቆየ ዘዴ አለ፦ አድራሻው በደንብ ከደረቀ በኋላ ጧፍ ወይም ሻማ ቀስ አድርጎ ማሸት። ሰሙ ውሃውን ይመልሳል።

ብዕር ውስጥ የማይገቡ ቀለሞች አሉ፤ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ከብዕር ቀለሙ አጠገብ ስለሚደረደሩ ጠርሙሱን አንብቦ መግዛት ነው። የማኅተም ቀለም ማኅተም መርገጫው ቶሎ እንዳይደርቅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ፊዱን ያንቃል። የሥዕል ጥቁር ቀለም ሙጫ አለበት፤ አንዴ ከደረቀ ውሃ አይፈታውም። የቁም ጸሐፊው የጥላሸት ቀለምም፣ ምንም ያህል ብናከብረው፣ ለመቃ እንጂ ለዚህ አልተሠራም። ጥላሸቱ ደቃቅ ዱቄት ነው፤ የፀጉር ያህል በሆነው ስንጥቅ ውስጥ ይደለደላል።

ወረቀት ላይ የምናደርገው ሙከራ ቀላል ነው። ሦስት መስመር ይጻፋል፤ አንዱ አምስት፣ አንዱ አሥር፣ አንዱ ሃያ ሰከንድ ተቆጥሮ በጣት ይታበሳል። ከዚያ የፊደሉ ዳር በአጉሊ ይታያል፣ ገጹም ይገለበጣል። ባለ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት በደረቅ ወራት ደህና ይይዛል፤ ሁሉም አይደለም፣ ከአንድ እሽግ ወደ ሌላው ይለያያል። የተማሪ ደብተር ብዙውን ጊዜ ሳስቶ ውሃ የመመለሻ ልባጩ ጥቂት ስለሆነ፣ ቀለሙ በወረቀቱ ክር ክር ተከትሎ ጢም ያወጣል፣ ጀርባውም ላይ ይታያል። የሚያብረቀርቅ የማስታወቂያ ወረቀት በተቃራኒው ቀለም አይጠጣም፤ ከሃያ ሰከንድም በኋላ ይጠረጋል። ክረምት ሲገባ ደህና የነበረውም ወረቀት እርጥበት ይዞ ጢም ማብቀል ይጀምራል። የተከፈተ እሽግ በፌስታል ታስሮ ቢቀመጥ ይህ በጣም ይቀንሳል።

በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ክዳኑ ተከፍቶ የተተወ ብዕር ሰው ስልክ አንስቶ እስኪዘጋ ጫፉ ይደርቃል። ለማሰብ ሲቆም መክደን ልማድ ይሁን።

ሐሙስ፣ ሰንጋ ተራና ብሔራዊ ትያትር

የባንኮቹ ሰፈር። እዚህ ብዕሩ ብዙ አልሠራም፣ መሥራትም የለበትም። ካርቦን ያለበት ደረሰኝ ሦስት ቅጂ እንዲያወጣ ተጭነው ይጽፉበታል፤ የወርቅ ኒብ ሲጫኑት ሁለቱ ክንፎቹ ይከፈታሉ፣ ከልክ ካለፈ ደግሞ ተከፍተው ይቀራሉ። ለዚህ እስክሪብቶ ይያዝ። ሰው ‹እስኪ ብዕርህን› ሲልም የሚሰጠው እስክሪብቶው ነው፤ መንፈግ ነውር ነው፣ እስክሪብቶ የለመደ እጅ ደግሞ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ይጫናል።

ከሰዓት ብሔራዊ ትያትር አካባቢ፣ ፀሐይ የሚመታው ጠረጴዛ ላይ። ፀሐዩ ስለ ሌላ ዓይነት ብዕር ያስወራል። ከውስን ብዕሮች ሁሉ ለእኛ ከፍ ያለው የጃፓን ማኪ-ኤ ነው። ኡሩሺ ከሚባል ዛፍ የሚቀዳ ሙጫ በስሱ ይቀባል፤ ሳይደርቅ የወርቅ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ እንደገና ይቀባል፤ ደርቆ በከሰል ይፈተጋል፤ ወርቁ ከሥር ብቅ ይላል። አስገራሚው አደራረቁ ነው። እንደ ቀለም ቅብ ውሃው ተንኖ አይደርቅም፤ በውስጡ ያለው ኢንዛይም እርጥበት ካገኘ ብቻ ነው የሚያጠነክረው። ስለዚህ እርጥበቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ፣ ሙቀቱም ከ20 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሽፋን በሽፋን ላይ እየተደረበ አንድ ብዕር ወራት ይፈጃል፤ መጨረሻ ላይ ጥበበኛው ስሙን በስስ ብሩሽ ይጽፍበታል። እዚህ ላይ ቁጥሩ ትንሽ የሚሆነው ሻጭ ስለፈለገ አይደለም፣ እጅ ስለማያደርስ ነው።

ያንን ሥራ የሚያበላሸው ይሄው የከሰዓት ፀሐይ ነው። ኡሩሺን ብርሃን ያደበዝዘዋል። እንደዚያ ያለ ብዕር የመኪና መስታወት ሥር፣ መስኮት ላይ ወይም ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አይተውም፤ ጨርቅ ቦርሳው ውስጥ ይገባል።

ዓርብ፣ ለገሃር

የመጨረሻው መውረጃ፤ በ1917 እ.ኤ.አ. የጅቡቲው ባቡር የገባበት፣ የውጭ ዕቃም ለብዙ ዘመን ወደ ከተማዋ የዘለቀበት በር። ከአሮጌው ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሞ ሲጻፍ ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ መጣ።

አንደኛው፣ ከሁለተኛው መስመር ላይ ‹መ› ስትጻፍ ከጎኗ ቀጭን ጥላ አበጀች፤ እያንዳንዱ ፊደል ጎን ለጎን የሚሄድ ፀጉር የመሰለ መስመር አወጣ። ይህ የኒብ መበላሸት ይመስላል፣ አይደለም። የረቡዕ ደብተር ክር ስንጥቁ ውስጥ ተሰክቷል። በጥፍር ወይም በመርፌ አይነቀልም፤ መርፌ ወርቁን ይቧጭረዋል። ስስ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ የፎቶ ፊልም ቁራጭ፣ ከላይ ከቀዳዳው ተነስቶ ወደ ጫፉ አንድ ጊዜ በቀስታ ይሳባል። ጥጥ የመሰለ ነገር ይዞ ይወጣል። ጥላው ወዲያው ጠፋ።

ሁለተኛው፣ በአንቀጹ መሀል አንድ ትልቅ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ብዕሩ ከእሑድ ጀምሮ ስለተጻፈበት ቀለሙ ከሲሶ በታች ነበር፤ የቀረው አየር ነው። ብር ደግሞ ሙቀትን ቶሎ ያስተላልፋል፦ የእጅ ሙቀት ከፕላስቲክ አካል ይልቅ በብር አካል ውስጥ ፈጥኖ ይገባል፣ አየሩ ያብጣል፣ ቀለሙን ይገፋል። የፊዱ ጥርሶች የሚሠሩት ይህን ትርፍ ለመያዝ ነው፤ እነሱም ሲሞሉ ይፈሳል። መፍትሔው ሲሶ ላይ ሲደርስ መሙላት ነው። ቀለም ሲጨርስ ለማየት መጠበቅ ለብር አካል አይሆንም።

ቅዳሜ፣ ቤት

ብዕሩ ለሳምንታት ካልተፈለገ ቀለም ይዞ አይተኛም። የቧንቧ ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይሆናል፤ የተጣራ ውሃ ይሻላል። የመኪና ዕቃ መደብር ‹የባትሪ ውሃ› የሚለው የተጣራው ነው፤ የባትሪ አሲድ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ ሊኖር ስለሚችል ጽሑፉ ይነበብ። ብርጭቆው ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀዳል። ፒስተኑ ተስቦ ይለቀቃል፣ ውሃው ይቀየራል፣ ይደገማል። በኮንቨርተር፣ ማለትም በሚነቀል የቀለም መሳቢያ፣ የሚሞላ ብዕር ከሆነ ከፋርማሲ በተገዛ የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ውሃው በመያዣው በኩል ይገፋል፤ ፒስተን በማሽከርከር ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል። ፒስተኑ ሲዞር ከጠነከረ የሲሊኮን ቅባት የክብሪት ጫፍ ያህል ይበቃዋል። ቫዝሊን አይነካው፣ ጎማውን ያበላሸዋል።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ጠቆረ። ሁለተኛው ሰማያዊ ሆነ። ሦስተኛውና አራተኛው የሰማይ ያህል ፈዘዙ፤ ሰባተኛው ላይ ውሃው ንጹሕ መሰለ። ማመን ግን በሶፍት ነው፦ ኒቡ በእርጥቡ ተጠቅልሎ ተጋድሞ ለግማሽ ሰዓት ተተወ። ሲገለጥ ሶፍቱ ላይ የስንጥቁን ቅርጽ የያዘ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር አለ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ተጨምሮ፣ ሌላ ሶፍት ተጠቅልሎ፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ተጠበቀ። ይኸኛው ነጭ ወጣ። ብዕሩ ክዳኑ ሳይዘጋ፣ ኒቡ ቁልቁል ሆኖ፣ ጨርቅ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ እስከ ነገ ጠዋት እንዲደርቅ ቆሟል።